የላላ ትስስርና የጠበቀ ትስስር፦ ልጆች ከተጫወቱባቸው የጥንት አስቂኝ ፊልሞች

ባለፈው ትምህርት አንድ አንቀጽ ከአንድ ዋና ሐሳብ እንደሚነሣና በውስጡ ያሉት ዐረፍተ ነገሮችም ይህንኑ ሐሳብ እንደሚያጎለብቱ ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር፣ አንቀጽም ከአንቀጽ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እንመለከታለን። ይህን መያያዝ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «ትስስር» ብለነዋል።

ስለ ትስስር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት «በድርሰት ውስጥ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ይያያዝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም። በአንዳንድ የድርሰት ዓይነቶች፣ በተለይም በቀልድ፣ ትስስሩ ላልቶ የሚታይበት ቦታ አለ፤ እንዲያም ሆኖ ድርሰቱ አይፈርስም። በሌላ ቦታ ግን አንዲት ክር ብትበጠስ ጠቅላላው ይፈታል። የትኛው ክር እንደሚላላና የትኛው እንደሚጠብቅ ያልለየ ጸሐፊ ወይ ድርሰቱን በማያስፈልግ ማብራሪያ ያጨናንቀዋል፤ ወይም ሳያስበው ሳቁን ይገድለዋል።

ምሳሌያችንን ከሲኒማ እንወስዳለን። በሶዶም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካም ሆነ በገሱባ የምትኖሩ ተማሪዎች በስልክ የሚታዩትን አጫጭር ቀልዶች ሳታዩ አትቀሩም። በአንዱ ቀልድ የባለሱቁ ልጅ የነበረው ብላቴና በሚቀጥለው የጎረቤት ልጅ ሆኖ ይመጣል፤ በሦስተኛው ደግሞ ጫማ ጠራጊ ይሆናል። ተመልካቹም ይስቃል እንጂ «ትናንት የማን ልጅ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ አሠራር ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም፤ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተሰጡት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አንድ ደቂቃ ያልሞላ ታሪክ

በ1895 ዲሴምበር 28 ቀን ሉሚዬር የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ በአንድ ካፌ ምድር ቤት፣ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ። ጊዜውን ከራሳችን ታሪክ ጋር ለማገናዘብ ያህል፣ ካዎ ጦና ተሸንፈው ወላይታ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች አንድ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ የዓድዋ ጦርነት ሊደረግም ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

በዚያ ምሽት ከታዩት አጫጭር ፊልሞች አንዱ የአትክልተኛውና የልጁ ታሪክ ነው። አትክልተኛው በቱቦ ውሃ ያጠጣል። አንድ ልጅ ከበስተኋላው መጥቶ ቱቦውን ይረግጣል። ውሃው ይቆማል። አትክልተኛው ምን እንደ ነካው ለማየት የቱቦውን አፍ ወደ ፊቱ ያዞራል። ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውሃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። አትክልተኛው ልጁን አባሮ ይይዘዋል፤ ይዞም ወደ ካሜራው ፊት ይመልሰውና ይገርፈዋል። ታሪኩ በዚሁ ያበቃል።

ይህን ሁሉ በአንድ ረዘም ባለ ዐረፍተ ነገር ልንጽፈው እንችላለን፦

«ልጁ በስተኋላ መጥቶ ቱቦውን ቢረግጠው ውሃው ቆመ፤ አትክልተኛውም የቱቦውን አፍ ወደ ፊቱ አዙሮ ሲመለከት ልጁ እግሩን አነሣና ውሃው ፊቱን አጠበው።»

በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ድርጊቶቹን የሚያያይዙትን ቃላት አስተውሉ። «መጥቶ» እና «አዙሮ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ የሚቀድመውን ድርጊት ይነግሩናል እንጂ ዐረፍተ ነገሩን አይዘጉም። «ቢረግጠው» ምክንያቱን ይሰጣል፤ «ቆመ» ውጤቱን። «ሲመለከት» ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ እንደሚገናኙ ያመለክታል፤ ቀልዱም ያለው እዚያው መገናኛው ላይ ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን እናዛባው፦ «ውሃው የአትክልተኛውን ፊት አጠበው፤ ልጁም ቱቦውን ረገጠ፤ አትክልተኛውም የቱቦውን አፍ ተመለከተ።» ቃላቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ቀልዱ ግን የለም፤ አንድ የረጠበ ሰው ብቻ ቀርቷል።

በአንጻሩ ያልተነገረንን እንቁጠር። የልጁ ስም ማን ነው? አልተነገረም። የማን ልጅ ነው? በዚያ አትክልት ስፍራ ምን ይሠራል? አትክልተኛው ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር? ይህ ሁሉ የለም፤ መቅረቱንም ማንም ልብ አይልም። እንግዲህ በትረካ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ትስስር አለ። አንደኛው የምክንያትና የውጤት ትስስር ነው፤ ሁለተኛው የማንነት ትስስር ነው፤ ይህም ማለት ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ትናንት ምን እንደሆነ የሚያስታውሰው ነው። በአጭር ቀልድ ውስጥ ሁለተኛው ሊላላ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ፈጽሞ።

ለ. ወንድሙ የጠፋበት ልጅ

ሃል ሮች የሚባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ በ1922 በልጆች ብቻ የሚመሩ አጫጭር አስቂኝ ፊልሞችን ማውጣት ጀመረ። ሮች ራሱ ይናገረው እንደነበረው ሐሳቡ የመጣለት አንዲት ሕፃን ተዋናይት ለፈተና ቀርባ፣ እናቷ ያስጠናቻትን ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው ስታነበንብለት ሰልችቶት በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ነው። በውጭ ጥቂት ልጆች በእንጨት ስባሪዎች ይጣላሉ፤ ትንሹ ትልቁን እንጨት ይዟል፤ ትልቁም ይገባኛል ይላል። ጠቡን ብዙ ደቂቃ ቆሞ ተመለከተው። እንጨቶቹ ምንም ዋጋ የላቸውም፤ ለልጆቹ ግን በዚያች ሰዓት ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

ከዚህ የተነሣው ተከታታይ ፊልም «አወር ጋንግ» ይባላል፤ «የእኛ ጓዶች» እንደማለት ነው። እስከ 1944 ድረስ 220 ፊልሞች ወጡ፤ በ1938 ሮች ሥራውን ኤም ጂ ኤም ለሚባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ ሸጦታል። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ ነበሩ። ከዳይሬክተሮቹ ዋነኛው ሮበርት ማክጋውን ይባላል። በድምፅ አልባው ዘመን የማክጋውን ሥራ ቀላል ነበር፤ ካሜራው እየዞረ «አሁን ዙር፤ አሁን ውሻውን እየው፤ አሁን ሽሽ» እያለ ልጆቹን በድምፁ ይመራቸዋል። ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ሕፃናት ስለነበሩ የተጻፈ ቃለ ተውኔት ቢሰጣቸው ምን ያደርግላቸዋል? በ1929 ድምፅ ሲመጣ ግን የዳይሬክተሩ ጩኸት አብሮ ሊቀረጽ ነውና ይህ ዘዴ ቀረ። (እግረ መንገዳችንን ለማንሣት ያህል፣ በ1930 ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ ለውጭ አገር ገበያ በስጳንኛ ጭምር ተሠርተው ነበር። ልጆቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ ድምፁን ብቻ እንደ ዜማ አጥንተው ይሉት ነበር።)

በእነዚህ ፊልሞች የማንነት ትስስር ምን ያህል የላላ እንደሆነ ለማየት ዊዘር የሚባለውን ሕፃን እንከተል። በ1929 በወጣው «ባውንሲንግ ቤቢስ» በተባለው ፊልም ዊዘር ሕፃን ወንድም ተወልዶበታል። የእናቱ ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኑ ስለዞረ ቀንቶ፣ ወንድሙን ወደመጣበት ሆስፒታል ሊመልሰው ይነሣል። በ1931 በወጣው «ዶግስ ኢዝ ዶግስ» ደግሞ ዊዘር ዶሮቲ ከምትባል እኅቱ ጋር በክፉ እንጀራ እናት እጅ ወድቆ እናገኘዋለን። ያ ሕፃን ወንድምስ የት ሄደ? እናቱስ መቼ ሞተች? ፊልሙ አንድ ቃል አይናገርም። ፊቱ ያው ነው፤ ስሙ ያው ነው፤ ሕይወቱ ግን ሌላ ነው።

ይህ የሆነው ሠሪዎቹ ዝንጉዎች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ፊልሞቹ በሲኒማ ቤቶች የሚታዩት አንድ በአንድ ነበር። የአንዱ ከተማ ሕዝብ አምስተኛውን አይቶ ሦስተኛውን ላያይ ይችላል፤ ያየውንም ቤቱ ወስዶ ደግሞ የሚመለከትበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊልም ለብቻው የሚቆም ጎጆ መሆን ነበረበት፤ የሌላውን ምሰሶ ተደግፎ የሚቆም ከሆነ ያልተጋበዘው ተመልካች ይወድቅበታል። ከዚህም ሌላ ልጆቹ ያድጋሉ። የስድስት ዓመት ልጅ በዓመት ውስጥ ጥርሱ ይወልቃል፤ ቁመቱ ይጨምራል፤ ድምፁም ይለወጣል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሰናበትና ሌላ ትንሽ ልጅ በቦታው ይገባል። የሚለዋወጡ ልጆችን በአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ አስሮ መያዝ ከባድ ነው፤ ታሪኩን አላልቶ ልጆቹን መለዋወጥ ግን ቀላል።

የምክንያትና የውጤቱ ክር ግን በዚያው ልክ የጠበቀ ነበር። ዊዘር ወንድሙን ሊመልስ የሚወጣው ስለ ቀና ነው፤ የቀናውም ስለ ተረሳ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተነግሮናል። እንግዲህ የላላው በፊልምና በፊልም መካከል ያለው ነው፤ በአንዱ ፊልም ውስጥ ያለው አልላላም።

ሐ. «መጣ» ወይስ «መጣች»?

ከዚህ ላይ ወደ ሰዋስው እንመለስ፤ ምክንያቱም ከአወር ጋንግ ልጆች አንዱ ለአማርኛ ተማሪ የሚሆን ደህና ጥያቄ ትቶልናል። በፊልም ስሙ ፋሪና የሚባለው አለን ሆስኪንስ በሕፃንነቱ ገብቶ እስከ 1931 ድረስ ከ100 በላይ በሚሆኑ ፊልሞች ተጫውቷል። ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በሕግ በተለያዩበት ዘመን እነዚህ ፊልሞች ልጆቹን አብረው ሲጫወቱ ማሳየታቸው መልካም ነገር ነበር፤ ያም ሆኖ ለጥቁሮቹ ልጆች ይሰጥ የነበረው ጠባይ ብዙ ጊዜ የሚያዋርድ መሆኑን መካድ አይቻልም። ፋሪና ጸጉሩ በጥቃቅኑ እየተጎነጎነ በጨርቅ ይታሰር ነበርና ወንድ ይሁን ሴት ተመልካቹ አይለይም፤ ፊልሞቹም አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ያደርጉት ነበር።

ይህን ፊልም ወደ አማርኛ ትመልሱ ዘንድ ታዘዛችሁ እንበል። ምስሉ ዝም ሊል ይችላል፤ የአማርኛ ግስ ግን ዝም አይልም። «ፋሪና መጣ» ወይም «ፋሪና መጣች» ማለት የግድ ነው። ሁለተኛው መደብም እንዲሁ ነው፤ «ና» ወይም «ነይ» ሳይባል ልጅን መጥራት አይቻልም። እንግዲህ ፊልሙ ያላላውን የማንነት ትስስር የአማርኛ ሰዋስው ያጠብቀዋል። መሸሸጊያ የለም ወይ? አለ። በአንደኛ መደብ ጾታ አይለይም፤ «እኔ መጣሁ» የሚለው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። በብዙ ቁጥር አይለይም፤ «ልጆቹ መጡ»። በአክብሮትም አይለይም፤ «እሳቸው መጡ» ሲባል አባት ይሁኑ እናት ግሱ አይነግረንም፤ ሆኖም የሁለት ዓመት ሕፃንን «አንቱ» የሚል የለም፤ ካለም እሱ ራሱ ሌላ ቀልድ ነው።

አፋችሁን በወላይታቶ ዶና የፈታችሁ ተማሪዎች ይህን ክፍል በተለይ ልብ በሉት። በወላይትኛ «ኔኒ» የሚለው ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ በአማርኛ ግን «አንተ» እና «አንቺ» ተለያይተዋል። ስለዚህ በምልልስ ውስጥ «አንተ» ብሎ ጀምሮ «መጣሽ» ብሎ መጨረስ፣ ወይም ለእኅት የተጻፈን ደብዳቤ በ«እንደምን አለህ» መክፈት የሚያጋጥመው በግድየለሽነት ሳይሆን ሁለቱ ቋንቋዎች ዓለምን የሚከፍሉበት መስመር ስለሚለያይ ነው። በሦስተኛ መደብ ግን ወላይትኛም እንደ አማርኛ ወንዱንና ሴቲቱን ይለያል። ስለሆነም ጥንቃቄያችሁን በይበልጥ በሁለተኛው መደብ ላይ አድርጉ።

መ. ትስስሩ የጠበቀበት ጊዜ

አወር ጋንግ ሁልጊዜ የላላ አልነበረም። በ1930ና በ1931 ሦስት ፊልሞች አንዲትን መምህርት ምሰሶ አድርገው ተሠሩ፤ ስሟ ሚስ ክራብትሪ ነው። የመጀመሪያው «ቲቸርስ ፔት» ይባላል። የቀድሞዋ መምህርት አግብታ ሄዳለች፤ ልጆቹም አዲሲቱን ገና ሳያዩዋት ጠልተዋታል። ጃኪ የሚባለው ልጅ የመጀመሪያውን ቀን የሚያበላሽ ዕቅድ ያወጣል፤ ጉንዳን፣ አይጥ፣ የሚያስነጥስ ዱቄት ተዘጋጅቷል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አንዲት መልከ መልካም ሴት በመኪናዋ ታሳፍረዋለች። ጃኪ ደስ ብሎት ዕቅዱን አንድ በአንድ ይዘከዝክላታል። ሴትየዋ አዲሲቱ መምህርት መሆኗን እኛ ተመልካቾች እናውቃለን፤ ጃኪ ግን አያውቅም። ክፍል ገብቶ ፊቷን ሲያይ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ይህ ቀልድ የሚቆመው በሦስተኛ ዓይነት ትስስር ላይ ነው፤ እርሱም የዕውቀት ትስስር ነው፤ ማን ምን ያውቃል? ማንስ አያውቅም? ከመቼ ጀምሮ? ጸሐፊው ይህን ከዘነጋ፣ ለምሳሌ ጃኪ በመኪናው ውስጥ ስለ አይጡ ሳይነግራት እሷ ክፍል ውስጥ አይጡን ፈልጋ ብታወጣ፣ አንባቢው «ከየት አወቀች?» ብሎ ይቆማል፤ የቆመ አንባቢ ደግሞ አይስቅም። በሚቀጥለው ፊልም፣ በ«ስኩልስ አውት»፣ ልጆቹ ይወዷት ጀምረዋል፤ አሁን የሚፈሩት እሷም እንደ ቀድሞዋ አግብታ እንዳትሄድ ነው። ወንድሟ ሊጠይቃት ቢመጣ እጮኛዋ መስሏቸው ሊያባርሩት ስለ እሷ ይዋሻሉ። ያለፈው ፊልም ምክንያት በዚህኛው ውጤት ሆኖ ተመለሰ። በበኩሌ ከ220ዎቹ ውስጥ እነዚህ ከተሻሉት መካከል የሚቆጠሩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ልጆቹ የሚያጡት ነገር አላቸው፤ እኛም ምን እንደሆነ እናስታውሳለን።

አንድ ጽኑ ሰው በመካከል ካለ ሌላው ሁሉ ቢለዋወጥ እንደማይከፋ በአገራችንም አይተናል። አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ ያረፉትም በ2009 ዓ.ም. ነው። በፊታቸው የሚቀመጡት ልጆች ይለዋወጣሉ፤ ተረቱም ከተረት ጋር አይያያዝም፤ ትናንት የሞተው አያ ጅቦ ዛሬ ተነሥቶ ይበላል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ግን እሳቸው ናቸው። በአንጻሩ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» የተባለ ረጅም ፊልም ብንወስድ፣ በ2015 በካን የፊልም በዓል የታየውን፣ ብላቴናው ኤፍሬምና በጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ልጅና አንድ በግ መሆን ነበረባቸው፤ ሐዘኑ የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነውና።

ሠ. ልጆቹስ?

እስካሁን ስለ ፊልሞቹ ተናገርን። በፊልሞቹ ውስጥ የነበሩት ግን እውነተኛ ልጆች ናቸው። በድርሰት ውስጥ ዊዘር ወንድሙ ቢጠፋ የሚጎዳ የለም፤ ሠሪዎቹ ልጁን ራሱን ሲዘነጉት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ባወጣው «ዘ ኪድ» ከእርሱ ጋር የተጫወተው ጃኪ ኩጋን ነው። ከፊልሙ ክፍሎች አንዱ ዛሬም ያስቃል፦ ልጁ በድንጋይ መስኮት እየሰበረ ይሄዳል፤ ቻፕሊን ደግሞ መስተዋት ገጣሚ ሆኖ ከኋላ ይደርሳል። ምክንያትና ውጤት እንደ ሁለት እግር ተከታትለው ሲሄዱ ማለት ይህ ነው። ኩጋን በዚያ ዕድሜው በዓለም የታወቀ ሆነ፤ ሚሊዮኖች ዶላርም አስገኘ። ለአካለ መጠን ደርሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት ነበር። በ1938 ፍርድ ቤት ከሰሳቸው፤ ያገኘው ከድካሙ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በ1939 ካሊፎርኒያ የልጅ ተዋናይ ገቢ ከፊሉ ለራሱ እንዲቀመጥለት የሚያዝ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም በስሙ ይጠራል።

ሸርሊ ቴምፕልም የጀመረችው በ1932 በወጡ፣ ሕፃናት የትልልቆችን ፊልም እያስመሰሉ በሚጫወቱባቸው አጫጭር ቀልዶች ነው። በ1988 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደጻፈችው፣ ያስቸገረ ሕፃን ጨለማ በሆነ ትንሽ ክፍል ውስጥ በበረዶ ግግር ላይ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር። ተመልካቹ ያየው ሳቁን ነው፤ በረዶውን አላየም።

የአወር ጋንግ ፊልሞች ከ1955 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ሊትል ራስካልስ» በሚል ስም ይታዩ ጀመር። የሚታዩትም በወጡበት ቅደም ተከተል አልነበረም። አንዱ ልጅ ሰኞ የአሥር ዓመት፣ ማክሰኞ የአራት ዓመት ሆኖ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ልጆቹ አርጅተው ባይሆንም ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። የታሪኩ ክር በየፊልሙ ቢበጠስም አንድ ክር ግን ማንም ሊበጥሰው አልቻለም፤ ልጁ ያድጋል። ፊቱን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚመለከት ሰው እንደ ቀን መቁጠሪያ ሊያነበው ይችላል።

ረ. ከተማሪ ደብተር

አሁን የተማርነውን በሥራ ላይ እናውለው። ከዚህ በታች ያለውን አንድ ተማሪ የጻፈው ነው እንበል፦

«ማቴዎስ ለጊፋታ በዓል ከሶዶ ገበያ ቅቤ ገዛ። ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። ፀሐዩ እንደ እሳት ይፋጃል። ማቴዎስ ቅቤውን በራሱ ላይ አድርጎ ባርኔጣውን ደፋበት። በመንገድ ላይ የአጎቱን ልጅ ደስታን አገኘና ወሬ ጀመሩ። ዝናቡም ስለ በረታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከማቴዎስ ግንባር ላይ አንድ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። ‹ምነው እንዲህ አላበህ?› አለችው። ‹ትኩሳት ይዞኛል› አላት። እሷም ባርኔጣውን አነሣችው። ጎረቤቱ ደስታም በጣም ሳቀ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ደስታ መጀመሪያ የአጎት ልጅ፣ በመጨረሻ ጎረቤት ናት። ይህ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን አይገድልም፤ የአጎት ልጅ ጎረቤትም ልትሆን ትችላለችና። «አለችው» ብሎ «ሳቀ» ማለቱ ይከፋል። ደስታ የሚለው ስም ለወንድም ለሴትም የሚወጣ በመሆኑ አንባቢው በግሱ ላይ ብቻ ተመክቶ ነበር፤ ግሱ ከዳው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዝናቡ ነው። ፀሐይ ከሌለ ቅቤው አይቀልጥም፤ ቅቤው ካልቀለጠ የሚንጠባጠበው የዝናብ ውሃ ነው፤ የዝናብ ውሃ ከሆነ ደግሞ ማንም «አላበህ» አይልም። ዝናቡን ምናልባት ተማሪው የመስከረም ወርን አስቦ አስገብቶት ይሆናል፤ እውነተኛ ዝርዝር ነው፤ ለዚህ ቀልድ ግን መርዝ ነው። ሌላም የጎደለ አለ፦ ማቴዎስ ቅቤውን ለምን ይሸሽጋል? ጸሐፊው አልነገረንም።

ታርሞ ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማቴዎስ ለጊፋታ በዓል ከሶዶ ገበያ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዝቶ ሲመለስ የአጎቱን ልጅ ደስታን ከሩቅ አያት። ጠዋት ብድር ጠይቃው ‹አምስት ሳንቲም የለኝም› ብሏት ስለነበር ደነገጠ፤ ቅቤውንም በራሱ ላይ አድርጎ ባርኔጣውን ደፋበት። ፀሐዩ እንደ እሳት ይፋጃል። ደስታ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ በዓሉ ዝግጅት እየጠየቀች ወሬውን አራዘመችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከማቴዎስ ግንባር ላይ አንድ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። ‹ምነው እንዲህ አላበህ?› አለችው። ‹ትኩሳት ይዞኛል› አላት። ‹ታዲያ በትኩሳት ላይ ባርኔጣ ምን ይሠራልሃል?› ብላ አነሣችለት።»

መጨረሻው ላይ «ሳቀች» የሚለው ቃል መቅረቱን ልብ በሉ። ባርኔጣው ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

መልመጃ

1. የአትክልተኛውንና የልጁን ታሪክ አንድም ቦዝ አንቀጽ ሳትጠቀሙ ጻፉት። ከዚያም በምንባቡ ውስጥ ካለው ጋር አነጻጽራችሁ በንባብ ጊዜ ምን እንደተለወጠ በሁለት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች የፋሪና ጾታ እንዳይታወቅ አድርጋችሁ ለውጡ፤ የማይለወጥ ካለ ምክንያቱን ጻፉ። ሀ) ፋሪና ውሻውን አቀፈው። ለ) ፋሪና ሆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ? ሐ) ፋሪናና ጃኪ ሮጡ።

3. አንድ ልጅ የሚገኝባቸው ሁለት አጫጭር ቀልዶች ጻፉ። ቦታው አንዱ የሶዶ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሌላው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለ የእንሰት ጓሮ ይሁን። ልጁ በሁለቱ ቀልዶች የተለያየ ወላጅና የተለያየ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ያልተለወጠው አንድ ነገር ምን እንደሆነ ግን ጓደኛችሁ አንብቦ ሳትነግሩት ሊያገኘው ይገባል።

4. አንድ ልጅ በአራት ዓመቱ ሲወድቅና ሲያለቅስ በስልክ ተቀርጾ፣ ብዙ ሰው እያየ ስቆበታል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ደርሷል። ለቀረጸው ዘመዱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ዘመዱ በዕድሜ ታላቅ ስለሆነ የአክብሮት ግሶችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠብቁ፤ የኀላፊውንና የአሁኑን ጊዜም አታደባልቁ።